በእጃጂ ላይ ያለፉት መረቦች



የዓመት መጽሐፉ ኮሚቴ «ከመጣሽበት አካባቢ ታሪክ አንድ ነገር ጻፊልን» ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ወንጪ ሐይቅ ወይም ስለ ጉደር ነበር። ስለነሱ ግን ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ የማውቀው ሌላ ታሪክ አለ፤ የስልክና የኢንተርኔት፣ በተለይ የሽቦ አልባው ታሪክ። «ሐኪምን ከአንቴና ጋር ምን አገናኛት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ። ጉዳዩ ማኅበራችን ወደፊት ገንዘቡን በምን ላይ ማዋል እንዳለበትም ይነካል።

እጃጂን ለማታውቁ፦ በአዲስ አበባ–ነቀምት መንገድ አምቦን፣ ጉደርንና ጌዶን አልፋችሁ፣ ከጌዶ ደጋ ቁልቁል ስትወርዱ የምታገኟት ከተማ ናት። የኢሉ ገላን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከእሷ ቀጥሎ ባኮ ነው፤ ከባኮ ወዲያ ወለጋ ይጀምራል። አብዛኛው መንገደኛ የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ቢበዛ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። የምነግራችሁም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ብዙ ነገር በላይዋ አልፏል፣ ጥቂቱ ቆሞላታል።

የነቀምቱ አውቶቡስ

በ1991 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ስገባ ቤታችን ስልክ አልነበረም። አባቴ መልእክት የሚልክልኝ በነቀምት አውቶቡስ ነበር። ደብዳቤውን፣ አንዳንዴም ትንሽ በሶ ጨምሮ፣ ለረዳቱ ይሰጠዋል። እኔ ቅዳሜ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ሄጄ እቀበላለሁ፤ መልሴንም በዚያው እሰዳለሁ። ደርሶ መልሱ አንድ ሳምንት ይፈጅ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ግን አንድም ደብዳቤ ጠፍቶብኝ አያውቅም። መኪናው መንገድ ላይ ቢበላሽ እንኳ ደብዳቤው ረዳቱ ኪስ ውስጥ ያድርና በማግስቱ ይደርሳል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

በዚያው ዘመን እኛ ተማሪዎች የኢንተርኔት ወረፋ እንይዝ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪን በ1994 ዓ.ም. ሲጀምር፣ ያንን ሁሉ የሕክምና መጽሔት በነጻ ማግኘት ተአምር ነበር። አንድ ጽሑፍ እስኪወርድ ድረስ ግን ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይቻል ነበር። ያኔ ቀርፋፋነቱ ነበር የሚያናድደን። ለካ ከቀርፋፋነት የባሰ ነገር አለ። ቀርፋፋ ነገር ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል።

ከቤተ መንግሥት የሚነሳ ሽቦ

የአገራችን የስልክ ታሪክ ረጅም ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ሥራ ተጀመረ። ካህናቱ ሰው ሳይታይ ድምፅ መሰማቱን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ነበር እየተባለ ዛሬም ይወራል። እኔን ግን ከወሬው ይልቅ የመስመሩ ቅርጽ ነው የሚያስገርመኝ። ሽቦው የተዘረጋው ከቤተ መንግሥት ተነስቶ ወደ ገዢዎቹ መቀመጫ ነው። አላማውም ያ ስለነበር አይፈረድበትም። በመካከል ያለ መንደር ምሰሶውን ያያል፣ ሽቦው በነፋስ ሲያፏጭ ይሰማል፤ መናገሪያው ግን እሱ ጋ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1952 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድን አቋቋመ፤ በ1979 ሱሉልታ ላይ የሳተላይት ጣቢያ ተሠራ። ኢንተርኔት በጥር 1989 ዓ.ም. ገባ፤ ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጀመረ። መሣሪያው በየጊዜው ተለወጠ። አሳቡ ግን ያው ነበር፦ ከመሀል ተነስ፣ ትልልቁን ከተማ አገናኝ፣ የተረፈው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ከዚህ አሳብ የወጣ አንድ ሥራ ነበር። ያሰበውም የሙያ ባልደረባችን ነው። በርናርድ ላውን የልብ ሐኪም ነበሩ፤ የልብ ንዝረት ማስተካከያውን ዲፊብሪሌተር በማሻሻል እናውቃቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘውን ጸረ ኑክሌር የሐኪሞች ማኅበር ከመሠረቱትም አንዱ ናቸው። እኚህ ሰው ሳቴላይፍ የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ሄልዝሳት-2 የተባለችው ትንሽ ሳተላይት በ1993 እ.ኤ.አ. ተላከች። በዝቅተኛ ምሕዋር ምድርን ትዞራለች፤ በአንድ አገር ላይ በቀን ጥቂት ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ታልፋለች። ስታልፍ ከመሬት ጣቢያው የተጻፈላትን ተቀብላ በሆዷ ትይዝ ነበር፤ ሌላ አገር ስትደርስ ታራግፍ ነበር። በዚህና በስልክ ሞደም የአፍሪካ ሐኪሞች ደብዳቤ የሚለዋወጡበት ሄልዝኔት የተባለ መረብ ተፈጠረ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ተጠቃሚ ነበረች። አዲስ አበባ ባለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥም ፓዲስ የሚባለው ክፍል በተመሳሳይ ዘዴ፣ ደብዳቤ አጠራቅሞ በስልክ መስመር እየደወለ፣ ኢሜይል ያመላልስ ነበር።

ልብ በሉ፤ ይህ የነቀምቱ አውቶቡስ ነው። መልእክቱን ይቀበላል፣ መንገድ እስኪገኝ ይይዛል፣ ሲገኝ ያደርሳል። መስመር መቋረጡ አደጋ መሆኑ ቀርቶ የተለመደ ነገር ሆኖ ነው የታቀደው።

ከላይ ሲያልፍ

ከዚያ ትልልቆቹ ዘመቻዎች መጡ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳኔት ተጀመረ፤ ከአምስት መቶ በላይ ወረዳዎችን በሳተላይት ከመሀል ጋር ለማገናኘት። ስኩልኔትም መጣ፤ የፕላዝማ ትምህርት እናንተም፣ ታናናሾቻችሁም አይታችኋል። የነዚህ መረብ ቅርጽ ኮከብ ነው፦ መሀሉ ላይ ትልቅ ጣቢያ፣ ዳር ዳሩ ላይ ዲሽ። ሁሉም የሚነጋገረው በመሀሉ በኩል ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሚቆም አንድ ወረዳ ከጎረቤቱ ወረዳ ጋር ለመነጋገር ድምፁ ሁለት ጊዜ ሰማይ ደርሶ መመለስ አለበት፤ ጥያቄና መልሱ አንድ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። መዘግየቱስ ባልከፋ። ዲሹ የሚሠራው መብራት ሲኖርና የሚያስተካክለው ሰው ሲኖር ብቻ መሆኑ ነው የከፋው።

በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በህንድ መንግሥት ድጋፍ የፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ ሙከራ በአገራችን ተጀመረ። ጥቁር አንበሳ በሳተላይት ሃይደራባድ ካለው ኬር ሆስፒታል ጋር ተገናኘ፤ የነቀምት ሆስፒታልም ገባበት። ስሰማ ደስ አለኝ፤ የራሴ ትምህርት ቤትና የራሴ መንገድ! ግን እስቲ ካርታውን በአእምሯችሁ ሳሉት። አዲስ አበባ አለ፣ ነቀምት አለ፣ ሃይደራባድ አለ። አምቦ፣ ጌዶ፣ እጃጂ፣ ባኮ ከታች ናቸው። ምልክቱ በላያቸው ያልፋል። ከፊንጫ የኤሌክትሪክ ኃይል አምጥቶ በጌዶ በኩል ወደ መሀል አገር የሚሄደው ከፍተኛ መስመርም እንዲሁ በስንቱ ጎጆ ላይ አልፏል።

ያቀዱትን ለመውቀስ አይደለም። ስፔሻሊስቱ ያለው መሀል ስለሆነ መሀሉን ማገናኘት ምክንያት አለው። ታማሚው ግን ከየት ይነሳል?

አንድ ሌሊት

በ2001 ዓ.ም. በዚያው መስመር ባለ አንድ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ነበርኩ። የሆስፒታሉንም የጤና ጣቢያውንም ስም አልጠራም። ሞባይል በየከተማው እየገባ ነበር፤ ሰው ሁሉ ተደስቷል፣ እኔም። ሪፈር ከመላኩ በፊት እንዲደወልልን ከጤና ጣቢያዎቹ ጋር ተስማምተን ስልክ ቁጥራችንን ግድግዳ ላይ ለጥፈን ነበር።

አንድ የክረምት ሌሊት ከሰባት ሰዓት በኋላ አንዲት ወላድ በፒክአፕ መጣች። ከወሊድ በኋላ ደም እየፈሰሳት ነው። አዋላጅ ነርሷ የምትችለውን ሁሉ አድርጋለች፤ ኦክሲቶሲን ሰጥታለች፣ ማሕፀኑን አሽታለች፣ ግሉኮስ ተክላለች። አንድ ነገር ብቻ አልቻለችም፤ መደወል። አብሯት የመጣው የጤና ጣቢያው ዘበኛ ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «ኔትወርክ ሂንጂሩ፣ ዶክተር። ሂንጂሩ።» የለም ማለቱ ነው።

ቢደወልልን ኖሮ መኪናው መንገድ ላይ እያለ ኦፕራሲዮን ክፍሉን እናዘጋጅ ነበር፤ ደም የሚሰጥ ሰው እንቀሰቅስ ነበር። የማሕፀን ሐኪሙን ሰው ልከን ነው ከቤቱ ያስጠራነው። አርባ ደቂቃ ያህል እንዲሁ ሄደ። እናንተ ሐኪሞች ናችሁ፤ እንዲህ ባለ ደም መፍሰስ አርባ ደቂቃ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ሴትዮዋ ተረፈች። ማሕፀኗ ግን ወጣ። ዕድሜዋ 22 ነበር፤ ልጁ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጠዋት ተናድጄ ማማው የተበላሸ መስሎኝ አንድ የማውቀውን ቴክኒሻን ጠየቅሁት። «ዶክተር፣ የነሱ ማማ ደህና ነው» አለኝ። «ከእሱ በፊት ያለው ነው የተኛው። መብራት ከማታ ጀምሮ የለም፤ ባትሪው አለቀ። እሱ ሲተኛ ከሱ ወዲያ ያለው ሁሉ ይተኛል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ይህን ነገር ማጥናት የጀመርኩት።

ሰንሰለትና ቀለበት

ሞባይላችሁ ሽቦ አልባ የሚሆነው እስከ ማማው ድረስ ነው። ማማው ራሱ ከየት ይመገባል? ወይ በፋይበር፣ ወይ በማይክሮዌቭ ከሌላ ማማ ተቀብሎ። በገጠር መንገድ ዳር ማማዎች አንዱ ከሌላው እየተቀበሉ ሲደረደሩ ሰንሰለት ይሆናሉ። ለእኛ ሙያ ቋንቋ እንዲቀል፦ ሰንሰለት ማለት ኮላተራል የሌለው የመጨረሻ ደም ቅዳ ነው። አንድ ቦታ ሲዘጋ ከሱ ወዲያ ያለው ሁሉ ይሞታል። ቀለበት ግን አንጎላችን ሥር ያለውን ሰርክል ኦፍ ዊሊስ ነው፤ በአንድ በኩል ቢዘጋ በሌላው ዞሮ ይደርሳል። ቀለበት ይወደዳል፤ ለትንሽ ከተማ ሲሆን ደግሞ «የሚያዋጣ አይደለም» ይባላል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ማማ ከመቶ 99 እጅ ጊዜ ይሠራል እንበል። ጥሩ ይመስላል፤ በዓመት የሚጠፋው ከአራት ቀን ያነሰ ነው። ስድስቱን በሰንሰለት ብትደረድሯቸው ግን መጨረሻ ላይ ያለው የሚሠራው 94 እጅ ነው። በዓመት ሦስት ሳምንት ያህል ጨለማ ማለት ነው። የሚጠፋውም ብዙውን ጊዜ ዝናብና መብረቅ ባለበት፣ መብራት በሚጠፋበት፣ መንገዱ በጨቀየበት ሌሊት ነው። ወላዷ የመጣችውም በዚያ ሌሊት ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ በዚያ ዘመን ገጠሩ ገመድ አልባ የቤት ስልክ ማየት ጀመረ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁዋዌና ዜድቲኢ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ተካፍለው ማስፋፊያውን ያዙ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ 1148 ዘርፉን ለሌሎች ከፈተ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በግንቦት 2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ወስዶ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ጀመረ። ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው ቪዲዮ እያዩ ያድጋሉ። ይህን አይቼ አላመሰግንም ማለት ንፉግነት ነው።

መቋረጡ ግን አብሮን አለ። ምክንያቱ ሁልጊዜ ባትሪ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ፣ የተመለሰው የኮሮና ወረርሽኝ ከገባ በኋላ በመጋቢት መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ጠፋ። የሆነው ሆኖ፣ ለሐኪም ጥያቄው አንድ ነው፦ መስመሩ በሌለበት ሰዓት ሥራዬ ምን ይሆናል?

ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ይፋ ያደረገውን ዲኤችአይኤስ-2 የምትጠቀሙ ሁሉ አንድ በጎ ነገር ታውቃላችሁ። መስመር ሲጠፋ የገባው መረጃ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ፣ መስመር ሲመለስ ይላካል። የአባቴ አውቶቡስ አልሞተም ማለት ነው!

ለማኅበራችን የምለው

ባለፉት ስብሰባዎቻችን «ለአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ኢንተርኔት እናስገባ» የሚል አሳብ ደጋግሞ ተነስቷል። እደግፋለሁ። ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ግን ዕቅዱን ከተረኛ ክፍሉ እንጀምር። ማማ ተክለን ኢንተርኔት ሻጭ አንሆንም፤ ያ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ካላቸው እንገዛለን፤ ውስጡን ግን እኛ እናቅዳለን።

መጀመሪያ፦ ምን እንደሚላክ እንወስን። አንድ ዲጂታል የደረት ራጅ 10 ሜጋባይት ቢሆን፣ በ64 ኪሎቢት መስመር ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ፊልሙን በስልክ አንስተን ወደ 200 ኪሎባይት ብናሳንሰው ግን 25 ሰከንድ ይበቃዋል። ለምርመራ ጥራቱ አንድ አይደለም፤ «ይህን ታማሚ ልላክ ወይስ ልያዝ?» ለሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይበቃል። «ደም እየፈሰሳት ነው፣ ወጥተናል» የሚለው ደግሞ አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ኃይሉን እንቁጠር። ራውተሩና ሬዲዮው አብረው 30 ዋት ቢበሉ፣ በቀን 720 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ክረምት ላይ ሁለት ቀን ፀሐይ ብትጠፋ 1,440። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በታች ማውረድ ስለሌለብን እጥፉን እንይዛለን፤ ባለ 12 ቮልት 120 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ሁለት ማለት ነው። በየጥቂት ዓመቱም መቀየር አለባቸው። የመቀየሪያው ብር ዛሬውኑ ካልተቀመጠ ከጥቂት ዓመት በኋላ መሣሪያው መደርደሪያ ላይ የአቧራ ማረፊያ ይሆናል። እንዲህ የቀረ ስንት ነገር አይተናል።

ሦስተኛ፦ ቦታውን በእግራችን እንየው፤ በበጋም በክረምትም። አንድ የምሕንድስና ምሩቅ ጓደኛዬ ካርታ ላይ ያሰመርኩትን መስመር አይቶ ስቆብኛል። ሁለት አንቴናዎች መተያየታቸው ብቻ አይበቃም። ሃያ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በ5.8 ጊጋኸርዝ ለሚሠራ ሬዲዮ፣ መሀል መንገድ ላይ በዙሪያው 16 ሜትር ያህል ባዶ አየር ይፈልጋል፤ የምድር ጉብታ ደግሞ ወደ 6 ሜትር ይጨምርበታል። «ያ ባሕር ዛፍ የማን ነው?» አለኝ። የገበሬው ነው። «አሁን ትንሽ ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላስ?» የእኛ አገር ባሕር ዛፍ እንዴት እንደሚያድግ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ዕቅዱ ውስጥ ገበሬውም አለበት ማለት ነው።

አራተኛ፦ ሁለተኛ መንገድ ይኑር። ሁለት የተለያዩ አቅራቢዎች ሲም፣ ሁለቱም ሲጠፉ ወረቀት ይዞ የሚሮጥ ሞተር ሳይክል፤ ነዳጁና ሹፌሩ የታወቀ። ይህንን ቴክኖሎጂ አይደለም ብላችሁ አትናቁት። የዚያች ሴት ዘመዶች ያን ሌሊት ሞተር ቢልኩ ኖሮ ከፒክአፑ ቀድሞ ይደርስልን ነበር፤ እንዲላክ ያሰበ ግን ማንም አልነበረም። እኔም ራሴ አላሰብኩም። ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ስለጥፍ «ባይሠራስ?» የሚል መስመር ከሥሩ አልጻፍኩም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

አምስተኛና ዋናው፦ የሚጠብቀው ሰው ከዚያው ከተማ ይሁን። አንድ ወጣት አሠልጥነን፣ ደሞዙን ለሦስት ዓመት ብንችል፣ ከየትኛውም ውድ ዲሽ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ልጅቷን፣ ያኔ 22 ዓመቷ የነበረችውን፣ አንዳንዴ ገበያ ላይ አገኛታለሁ። ልጇ አሁን ጎረምሳ ሆኗል፤ ሁለተኛ ደረጃ ይማራል። «ዶክተሬ» ብላ ትስመኛለች። ሌላ ልጅ አላነሳብኝም፣ እኔም አላነሳሁም።

በመገናኛው ቀን ከምዝገባው ጠረጴዛ አጠገብ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። በየወረዳው የምትሠሩ ሁሉ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ ማማችሁ ከየት እንደሚመገብ፣ መብራት ሲጠፋ ስልካችሁ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ሁሉም ሲጠፋ ማንን እንደምትልኩ። ከደብተሩ ላይ ተነስተን የትኛውን ጤና ጣቢያ እንደምናስቀድም አብረን እንወስን። መምህራኖቻችን፣ እናንተም ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለኛል፤ ነገ ተረኛ የሚሆኑት እነሱ ናቸውና።